ሩት ሳታደርጉ የአንድሮይድ ድብቅ ሴቲንጎችን እንዴት መቀየር ይቻላል?

ስልካችሁ ሲንቀራፈፍ «ሩት አድርገው»፣ ማለትም የሲስተሙን ሙሉ ቁጥጥር ክፈተው፣ የሚል ጓደኛ አይጠፋም። አትስሙት። ሩት የተደረገ ስልክ ዋስትናውን ሊያጣ ይችላል፤ ብዙ የባንክ አፖችም አይከፈቱበትም። አንድሮይድ ውስጥ ራሱ የተደበቀ ገጽ አለ። ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ይባላል። የተሠራው ለአፕ ሠሪዎች ነው፤ ከአንድሮይድ 4.2 ጀምሮ ማንም ሳያውቅ እንዳይነካካው ተሸሽጓል።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ሴቲንግስ ግቡና አባውት ፎንን ክፈቱ። ቢልድ ነምበር የሚለውን ፈልጋችሁ 7 ጊዜ ደጋግማችሁ ንኩት። ሳምሰንግ ላይ ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን ውስጥ ታገኙታላችሁ። ሻዎሚ ላይ ግን የሚነካው የኤምአይዩአይ ወይም የኦኤስ ቨርዥን የሚለው መስመር ነው። ስንት እንደቀራችሁ ስክሪኑ ግርጌ ላይ ይቆጥርላችኋል። ፒን ከጠየቀ አስገቡ። ከዚያ ወደ ሴቲንግስ ተመለሱ። አዲሱ ገጽ ሳምሰንግ ላይ መጨረሻ ላይ ይገኛል፤ ሌሎቹ ላይ ብዙ ጊዜ ሲስተም ውስጥ ነው።

አሁን ዋናው። ዊንዶው አኒሜሽን ስኬል፣ ትራንዚሽን አኒሜሽን ስኬል እና አኒሜተር ዱሬሽን ስኬል የሚሉትን ሦስቱን ፈልጉ። ሁሉም 1 ላይ ናቸው። አንድ በአንድ ወደ 0.5 አውርዷቸው። ወጥታችሁ ቴሌግራምን ክፈቱና ዝጉ፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ፕሮሰሰሩ አልፈጠነም። ገጽ ሲከፈትና ሲዘጋ ስልኩ የሚያሳየው እንቅስቃሴ ነው በግማሽ ያጠረው። እኔ ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። ሙሉ በሙሉ ማጥፋትም ይቻላል፤ ግን ገጹ ድንገት ብልጭ እያለ ስለሚቀያየር ዓይን ላይ ደስ አይልም።

ስክሪኑ ላይ ብዙ ነገር እንዲገባላችሁ ከፈለጋችሁ ስሞለስት ዊድዝ የሚለው አለ። ቁጥሩን ስትጨምሩ ጽሑፉም ምስሉም ያንሳል። መጀመሪያ ግን የነበረውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ! ለምሳሌ 360 ከሆነ 380 ብላችሁ እዩት፤ አንዴ ዘላችሁ 600 አታድርጉት።

ዶንት ኪፕ አክቲቪቲስ የሚለውን አትንኩ። ከአንድ ገጽ ስትወጡ ወዲያው የሚዘጋው ነው፤ ሚሞሪ ይቆጥባል ብሎ የሚያበራው ብዙ ነው። ውጤቱ ይኸውላችሁ፦ የባንክ አፕ ላይ ብር እያስተላለፋችሁ ኮዱን ለማየት ወደ ኤስኤምኤስ ትሄዳላችሁ። ስትመለሱ የሞላችሁት ሁሉ ጠፍቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። የስልኩን ሲስተም ለመቀየር በር የሚከፍተውን ኦኢኤም አንሎኪንግንም ተዉት። ኮምፒውተር በኬብል ስልኩን እንዲያዝ የሚፈቅደውን ዩኤስቢ ዲበጊንግን ከኮምፒውተር ጋር ስትሠሩ ብቻ አብሩት፤ ስትጨርሱ አጥፉት።

ከዚህም በላይ የሚሄድ አለ። ሴትኤዲት የሚባለው አፕ ሲስተም፣ ሴክዩር እና ግሎባል የተባሉትን የሴቲንግ ሰንጠረዦች ያሳያችኋል። አብዛኛውን ለመቀየር ግን በኮምፒውተር በኩል፣ ለስልኩ ትእዛዝ በሚልከው ኤዲቢ በተባለ መሣሪያ፣ ፈቃድ መስጠት ያስፈልጋል። ምን እንደሆነ የማታውቁትን መስመር አትሰርዙ።

አንዳንድ የባንክ አፖች ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ በርቶ ካዩ አንከፈትም ይላሉ። ገጹ አናት ላይ ያለውን ማብሪያ አጥፉት። ያኔ አኒሜሽኑ ወደ 1 ሊመለስ ይችላል፤ የስክሪኑን ቁጥር ግን ከማጥፋታችሁ በፊት ራሳችሁ መልሱት።