ስልክ ላይ የሚሰካ ትንሽ ስፒከር ሲገዙና ሲጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አክስቴ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደውለው «የገዛህልኝ ስፒከር ማሲንቆውን ያሰማኛል፤ ዘፋኙን ግን ውጦታል» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቤታቸው ሄጄ ስሰማው ግን በእርግጥም ማሲንቆው ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ድምፅ እያስተጋባ ይሰማል፤ የዘፋኙ ድምፅ ግን የለም። ስፒከሩ አልተበላሸም ነበር። አክስቴ ለስልካቸው ወፍራም የጎማ ሽፋን ስላስገዙለት የገመዱ ጃክ እስከ መጨረሻው ሊገባ አልቻለም፤ የጥፍር ውፍረት ያህል ቀርቶት ነበር። ሽፋኑን አውልቄ ጃኩን ገፋ ሳደርገው ቀጭ ብሎ ገባና ዘፋኙ ተመለሰ።

ጃኩን በግማሽ ሰክቶ ስፒከሩን መውቀስ

የዚህን ምክንያት ማወቅ ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተሳስቶ ደህና ዕቃ ይጥላልና። 3.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የተለመደው ጃክ በቀጫጭን ቀለበቶች የተከፋፈለ ሲሆን፣ አንዱ ክፍል የግራውን ድምፅ፣ ሌላው የቀኙን ያስተላልፋል፤ ከእነዚህ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ለሁለቱም የጋራ መመለሻ ነው። ጃኩ በከፊል ብቻ ሲገባ የጋራ መመለሻው ይቋረጥና ለስፒከሩ የሚደርሰው በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ይሆናል። የዘፋኙ ድምፅ በስቱዲዮ ሲቀናበር አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚደረግ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ወደ አንድ ወገን ያደላው መሣሪያ ግን ይተርፋል።

ጥፋቱ የሽፋኑ ካልሆነ ቀዳዳውን በባትሪ ብርሃን ማየት ነው። ኪስ ውስጥ የሚውል ስልክ ብናኝና የልብስ ክር ይሰበስባል፤ ጃኩ በተሰካ ቁጥር ያ ሁሉ ወደ ታች እየተጠቀጠቀ ይሄዳል። ስልኩን አጥፍቶ በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብሎ ማውጣት ይቻላል፤ መርፌ ግን ውስጡ ያሉትን ስስ ብረቶች ያጣምማል።

አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7ን ያለ ጃክ ቀዳዳ ካወጣ በኋላ ሌሎች አምራቾችም ስለተከተሉት፣ ዛሬ ብዙ ሰው ስፒከሩን የሚሰካው በማገናኛ በኩል ነው። የታይፕ ሲ ማገናኛዎች ከውጭ ሲታዩ አንድ ይምሰሉ እንጂ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው ሽቦ ከሽቦ ብቻ ሲያያይዝ፣ ሁለተኛው ዲጂታሉን ድምፅ ጃኩ ወደሚያስተላልፈው የኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ቺፕ በውስጡ አለው። ያንን ምልክት በታይፕ ሲ ቀዳዳው በኩል የማያወጣ ስልክ የመጀመሪያውን ዓይነት ማገናኛ ቢሰኩበት ምንም አያሰማም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት በራስ ስልክ መሞከር ያስፈልጋል፤ በሻጩ ስልክ መሥራቱ ለገዢው ማስረጃ አይሆንም።

ማጉያ የሌለውን መግዛት

በጣም ርካሽ ከሆኑት መካከል ባትሪም፣ የኃይል ገመድም የሌላቸው፣ ጃካቸውን ብቻ ይዘው የሚሸጡ አሉ። እነዚህ ድምፁን የሚያጎላ ክፍል በውስጣቸው የላቸውም። የስልክ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሚሰጠው ኃይል በሺህኛ ዋት የሚለካና ለጆሮ ማዳመጫ የተመጠነ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ስፒከር ስልኩ ራሱ ከሚያወጣው ድምፅ ብዙም አይበልጥም፤ አንዳንዴም ያንሳል። መለያው ቀላል ነው፦ ኃይል የሚያገኝበት መንገድ ከሌለው መተው ነው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት ማመን

ለሠርግና ለስብሰባ የሚቆመውን ትልቅ ስፒከር ሁሉ በአንድ የጣሊያን ኩባንያ ስም ሞንታርቦ እያልን የኖርን ሰዎች፣ ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ ሣጥን ላይ «50 ዋት» ተብሎ ሲጻፍ ትንሽ መጠራጠር ነበረብን። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስሌት ልንፈትሸው እንችላለን። የተለመደው የኮምፒውተር ዩኤስቢ ቀዳዳ 5 ቮልት እና 0.5 አምፒር ይሰጣል፤ ሁለቱ ሲባዙ 2.5 ዋት ነው። ባትሪ ሳይኖረው ከዚያ ቀዳዳ ብቻ ኃይል የሚያገኝ ስፒከር ከገባለት በላይ ያለማቋረጥ ሊያወጣ አይችልም።

ባትሪ ያለውን ደግሞ በባትሪው መመዘን ነው። 1,200 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዝ የ3.7 ቮልት ባትሪ በውስጡ የሚኖረው 4.4 ዋት ሰዓት ያህል ነው። እውነት 20 ዋት የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በ13 ደቂቃ ገደማ ባዶ ይሆን ነበር። ካርቶኑ ግን ከዋቱ ጎን «8 ሰዓት ያጫውታል» ይላል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ ሰዓቱ የሚለካው ድምፁ ዝቅ ተደርጎ መሆኑን፣ ዋቱ ደግሞ ለቅጽበት የሚደርስበትን ከፍታ ወይም ምንም ያልተለካ ቁጥር መሆኑን አንባቢው ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

ሌላም አለ፦ ዋቱ እውነተኛ ቢሆን እንኳ በእጥፍ ማደጉ ድምፁን በእጥፍ አያሳድገውም። ኃይሉ በእጥፍ ሲያድግ የሚጨመረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ብቻ ሲሆን ጆሯችን እጥፍ ሆነ የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨመር ነው፤ ለዚህም አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። በ3 ዋትና በ5 ዋት መካከል ያለውን ልዩነት ጆሮ የሚለየው በጭንቅ ነውና ለእሱ ብሎ ተጨማሪ ብር መክፈል አይገባም።

ከትንሽ ሣጥን ቤዝ መጠበቅ

በእኔ ግምት የአብዛኛው ቅሬታ ምንጭ ይህ ነው። ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር መግፋትን ይጠይቃል። ድምፁ በአንድ ኦክታቭ በወረደ ቁጥር፣ ማለትም ንዝረቱ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር፣ እኩል ጉልህ ሆኖ እንዲሰማ የስፒከሩ ሽፋን አራት እጥፍ ርቆ መርገብገብ አለበት። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ (በሰከንድ የሚቆጠር ንዝረት) ይሰማል ቢባልም፣ አራት ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ስፒከር ከ150 ወይም ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ማሰማት ይከብደዋል። ከበሮው ሲመታ የሚሰማው ጠረጴዛ የማንኳኳት ያህል ብቻ የሚሆነው፣ ቤዝ ጊታሩም እንደሌለ የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ጉድለት ለሁሉም ነገር እኩል አይጎዳም። የድሮው የስልክ መስመር የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነበር፤ የአባታችን ድምፅ መነሻ ግን ከዚያ በታች ሆኖ ሳለ «ሃሎ» ሲሉ እናውቃቸው ነበር። አእምሮ ከላይኞቹ ድምፆች ተነሥቶ የጎደለውን የታችኛውን ይሞላልና። በዚሁ ምክንያት ዜና፣ ስብከት፣ ትረካና የቋንቋ ትምህርት በትንሽ ስፒከር ጥሩ ይሰማሉ፤ ክራርና ዋሽንትም እንዲሁ። የሚገርመው በገና ነው። ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ይጠፋል ብዬ ስጠብቅ በደንብ ተሰማኝ። ምክንያቱ እንዚራው ይመስለኛል፤ በአሥሩ አውታሮችና አውታሮቹ በሚያርፉበት በርኩማ መካከል የሚገቡት ትንንሽ ቆዳዎች አውታሩ ሲመታ የሚፈጥሩት ዝዝታ በላይኛ ድምፆች የበለጸገ ነው፤ ትንሹ ስፒከር የሚችለውም እነዚያን ነው።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት «ምን ላዳምጥበት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። በጎንና በጎኑ «ቤዝ» የሚል ክብ ነገር የተለጠፈበትን ሲያሳዩዎ፣ ሙዚቃ ተከፍቶ እያለ ክቡን በጣት ጫፍ ነካ ያድርጉት። እውነተኛ ከሆነ ይንቀጠቀጣል፤ ድርቅ ብሎ ከቆመ ጌጥ ነው።

በሻጩ ዘፈን መፈተሽ

ሻጩ የሚከፍተው ዘፈን ለዚያ ስፒከር የተመረጠ ነው። ሱቁም ጫጫታ ስለሆነ ገዢው ጉልህነትን ብቻ ይለካል። ሦስት ነገሮችን በራስ ስልክ ጭኖ መሄድ ይበቃል፦ በደንብ የሚያውቁት አንድ ዘፈን፣ የሰው ንግግር፣ እና ፀጥታ። ፀጥታ ስል ቀልድ አይደለም፤ ምንም ሳይከፈት የስፒከሩን ድምፅ እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጎ ጆሮን ማስጠጋት ነው። ሽሽታው ከተጋነነ ቤት ውስጥ ሌሊት በዝቅተኛ ድምፅ ሲያዳምጡ ያ ሽሽታ አብሮዎት ይኖራል። ከዚያም ገመዱን ከመሰኪያው ሥር ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ነው፤ ሲንኮሻኮሽ ከተሰማ ያንን ትቶ ሌላ መጠየቅ ይሻላል።

ስልኩንና ስፒከሩን ከአንድ ቻርጀር ላይ መሰካት

ሁለቱም ቻርጅ እየተደረጉ በጃክ ሲገናኙ «እምምም» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ይመጣል። ሰዎች ስፒከሩ ተቃጠለ ይላሉ። የሆነው ግን በቻርጀሩ በኩል አንድ፣ በጃኩ ገመድ በኩል ሌላ የመመለሻ መንገድ ተፈጥሮ፣ የቻርጀሩና የ50 ኸርዙ መብራት ረብሻ በዚያ ዞሮ ወደ ማጉያው መግባቱ ነው። ከሁለቱ አንዱን ነቅሎ በባትሪ ማሠራት ድምፁን ወዲያው ያጠፋዋል። በሁለት የተለያዩ ቻርጀሮች ማድረግ አንዳንዴ ይረዳል፤ አንዳንዴም አይረዳም።

ከዚህ የተለየ ሌላ ድምፅ አለ፤ ስልክ ሊጠራ ሲል ከስፒከሩ የሚወጣው «ትት-ትት-ትት»። ይህ በ2ጂ ኔትወርክ ላይ ያለ ስልክ በሰከንድ 217 ጊዜ ገደማ እየቆራረጠ የሚልከውን ሞገድ የስፒከሩ ገመድ እንደ አንቴና ሲቀበለው የሚፈጠር ነው። ዕቃው ላይ ጉዳት የለውም፤ ስልኩን አንድ ሜትር ያህል ማራቅ ይበቃል።

ስልኩን ዝቅ፣ ስፒከሩን እስከ መጨረሻ ከፍ ማድረግ

የስልኩ ድምፅ ዝቅ ብሎ ስፒከሩ ከፍ ሲል ማጉያው ከዘፈኑ ጋር ሽሽታውንም ያጎላዋል። ስልኩን ከአምስት አራት እጅ ያህል አድርጎ ቀሪውን በስፒከሩ ማስተካከል ይሻላል። ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር ማጉያው አቅሙ አልቋል ማለት ነው፤ በዚያ ሁኔታ ለሰዓታት መተው ውስጡ ያለውን ቀጭን የሽቦ ጥቅል ያሞቀዋል፤ ውሎ አድሮም ያቃጥለዋል። ስለ ጆሮም ከተነሣ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት፣ ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤልን ነው ወሰን ያደረገው፤ ትንሽ ስፒከር ከሩቅ ባያስፈራም ከልጅ ትራስ አጠገብ ሲቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ባትሪውን ለፀሐይና ለእንፋሎት መተው

የሊቲየም ባትሪ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ቦታ ቻርጅ ማድረግ፣ በተለይም በፀሐይ በቆመ መኪና መስታወት ሥር መተው፣ ዕድሜውን ይቀንሳል፤ ሆዱ ያበጠ ባትሪ ደግሞ ከዚያ በኋላ ቻርጅ ሊደረግ አይገባውም። ብዙዎቹ ርካሽ ስፒከሮች የሚወስዱት በድሮው ኖኪያ የምናውቀውን ቢኤል-5ሲ ባትሪ ነው፤ ይህ በክዳኑ ተከፍቶ የሚለወጥ ስለሆነ ከሁለት ተመሳሳይ ስፒከሮች መካከል እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ባትሪው የሚወጣውን ነው። ለወራት ሳይነካ የሚቀመጥ ከሆነም በግማሽ ሞልቶ ማስቀመጥ ነው።

አይፒኤክስ7 (IPX7) የሚል ውኃ የመቋቋም ደረጃ ምልክት ካለው አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ንጹሕ ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይችላል ማለት ነው፤ ኤክሱ ግን አቧራን በሚመለከት ምንም እንዳልተገለጸ ነው የሚናገረው። ምልክት የሌለውን ከጀበናና ከድስት እንፋሎት ማራቅ ይገባል።

የትም ማስቀመጥ

አክስቴ ከጃኩ ነገር በኋላ በወሩ እንደገና ደወሉ። «አሁን ደግሞ ይንጫጫል» አሉ። ስፒከሩን ለክብሩ ብለው ቡፌው ውስጥ፣ በብርጭቆዎቹ መካከል አስቀምጠውት ነበር፤ የሚንጫጩት ብርጭቆዎቹ ናቸው። መስታወቱም ሲዘጋ ጥርት የሚያደርገውን ቀጭኑን ድምፅ ያስቀረዋል። አውጥተን ግድግዳ ሥር፣ በሚቀመጡበት ወንበር ልክ ባለ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ አድርገን፣ ፊቱን ወደ እሳቸው አዞርነው። ግድግዳው የወፍራሙን ድምፅ የተወሰነ ክፍል ወደ ክፍሉ ስለሚመልሰው ቤዙ ትንሽ ይጨምራል፤ ፎጣው ደግሞ የጠረጴዛውን መንቀጥቀጥ ያበርዳል። ርቀቱንም ቀነስነው፤ በሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይጠፋል፤ ቤት ውስጥ ኪሳራው ያን ያህል ባይሆንም በአራት ሜትር ፈንታ በሁለት ሜትር ሲሆን ድምፁን ዝቅ አድርገው መስማት ቻሉ። አክስቴ ፎጣውን አንሥተው በራሳቸው ጥልፍ ተክተውታል፤ ሥራውን እኩል ይሠራል።