መስመሩ ሳይሰመር ጥሩን፦ በትራንስፖርት ምክክር መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ስለ ባጃጅ መስመርና ታሪፍ ሕዝብ ሲሰበሰብ አልቀርም። ጉዳዩ የየቀን ኑሯችን ነው። ግን ያው ስህተት ሲደጋገም አያለሁ።

ትልቁ ስህተት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ሰው መጥራት ነው። አንድ ጊዜ ስንደርስ የመስመሩ ካርታ ታትሞ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። "አስተያየት ስጡ" ተባልን። ያለቀ ነገር ላይ ምን ይባላል?

የማልታን ነገር ላንሳ። 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ትንሽ የደሴቶች አገር ናት። አውቶቡሶቹን ለዘመናት ይነዱ የነበሩት ብዙዎቹ ባለቤቶቻቸው ነበሩ። ሰኔ 26 ቀን 2003 ዓ.ም. ሥርዓቱ በአንድ ጀምበር ተለወጠ፤ ኩባንያውም መስመሩም አዲስ ሆነ። የዚያን ዕለት ብዙ ሾፌሮች ሥራ ሳይገቡ ቀሩ። ተሳፋሪው ፌርማታ ላይ ተገተረ። መስመሮቹ እንደገና ተከለሱ፤ ኩባንያውም ሦስት ዓመት ሳይሞላው ለቆ ወጣ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ሾፌሩና ተሳፋሪው ያልተቀበሉት መስመር ግን ወረቀት ላይ ቢያምርም መንገድ ላይ አይሠራም።

ሁለተኛው ስህተት የማኅበር አመራሮችን ብቻ ማነጋገር ነው። ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ብዙ ጊዜ ባለንብረት አይደለም። ማታ ገቢ ያስገባል፤ የእሱ የተረፈችው ናት። ዝናብ ሲጥል ለምን "ኮንትራት ካልሆነ" እንደሚል የሚያስረዳችሁ እሱ ነው። ታሪፍ ስትቆርጡ እሱን ጠይቁት።

ሐሙስ ስብሰባ መጥራትም አለ። ሐሙስ እኮ ገበያ ነው! ከሰቃ፣ ከማና ጆንያ ተሸክመው የሚመጡት እናቶች በዚያ ቀን አዳራሽ አይገቡም። ትራንስፖርቱ በጣም የሚቸግረው ደግሞ እነሱን ነው። እናንተ ሂርማታ ገበያ ውረዱ። ስትጠይቁም በኦሮምኛ ጠይቁ፤ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ብዙዎቹ አንገታቸውን ነቅንቀው ያልፏችኋል።

የመጨረሻው መልስ ሳይሰጡ መቅረት ነው። የትኛው ሐሳብ ተወሰደ? የትኛው ቀረ? ለምን? አንድ ገጽ ጽፎ መናኸሪያ በር ላይ መለጠፍ ብዙ ወጪ የለውም። በአንዱ ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ተነሥተው፣ "ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ከእኛ ሰፈር በምን ትሂድ?" ብለው ጠየቁ። "ይያዝልን" ተባለ። በሚቀጥለው ስብሰባ ዓይኔ ፈለጋቸው፤ አልመጡም።