ከፍተኛ ማይነስ ያለበት ሰው ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና እንዴት እንደሚዘጋጅ

ሩቁን ለማየት ከማይነስ 6 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) በላይ መነጽር የሚያደርግ ሰው የዓይን ሞራው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተካለት ከሌሎች ታካሚዎች የተለየ ዝግጅት ያስፈልገዋል። የአብዛኛው ሰው ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የእነዚህ ታካሚዎች ግን ብዙ ጊዜ ከ26 ያልፋል፤ በዚህም ምክንያት ሬቲናቸው (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) የሳሳ፣ የሌንስ ስሌታቸውም ለስሕተት የተጋለጠ ነው።

በመጀመሪያ ብሌንዎ በጠብታ እንዲሰፋ ተደርጎ ሬቲናዎ እስከ ዳር ድረስ ይመርመር። ቀዳዳ ከተገኘ አስቀድሞ በሌዘር ሊታከም ይችላል፤ የሬቲናው መሐል ተጎድቶ ከሆነ ደግሞ ሞራው መውጣቱ ብቻ ሙሉ እይታ ስለማይመልስ ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማወቅ መብትዎ ነው።

ከዚያ ልኬቱ ይከተላል፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ኮንታክት ሌንስ የዓይንን የፊት ሽፋን ቅርጽ ስለሚለውጥ፣ ለስላሳው ቢያንስ ከአንድ ሳምንት፣ ጠንካራው ከበርካታ ሳምንታት በፊት ይውለቅ። የረጅም ዓይን የኋላ ግድግዳ ወደ ውጭ ሊያብጥ ስለሚችል አልትራሳውንድ ርዝመቱን አሳስቶ ሊያነብ ይችላል፤ ስለዚህ ሞራው እጅግ ካልበሰለ በቀር በብርሃን የሚለካውን መሣሪያ ይምረጡ። የቆዩ የስሌት ቀመሮች ደግሞ ለረጅም ዓይን ከሚገባው ያነሰ ኃይል ያለው ሌንስ የመምረጥ ዝንባሌ ስላላቸው፣ ታካሚው ፕላስ መነጽር የሚያስፈልገው ሆኖ ሩቁም ቅርቡም ሊደበዝዝበት ይችላል። እንደ ባሬት ዩኒቨርሳል 2 ያለ አዲስ ቀመር ጥቅም ላይ መዋሉን መጠየቅ ነውር የለውም። ዓይኑ እጅግ ከረዘመ ኃይሉ ዜሮ ወይም ማይነስ የሆነ ሌንስ ሊታዘዝ ይችላል። በሞራ ዘመቻ የሚታከሙ ከሆነ ደግሞ ለሁሉም የተዘጋጀ አንድ ዓይነት ሌንስ እንዳይገባልዎ ማይነስዎን ቀድመው ይናገሩ፤ የድሮ መነጽርዎንም ይዘው ይሂዱ።

የሚፈልጉትን እይታ ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ። ዕድሜ ልኩን መነጽሩን አውልቆ ሲያነብ የኖረ ሰው፣ ሩቁ ጠርቶለት ማንበብ ሲያቅተው ያዝናል፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ሆን ብሎ ማይነስ 2 ወይም 3 መተው የተሻለ ሊሆን ይችላል። የሁለቱ ዓይኖች ልዩነት እንዳያስቸግርዎ ሁለተኛው ዓይን መቼ እንደሚሠራም አስቀድመው ይጠይቁ።

ረጅም ዓይን በመርፌ የመወጋት አደጋው ከፍ ስለሚል፣ ማደንዘዣው በጠብታ ወይም ያለ ሹል መርፌ ቢሰጥ ይመረጣል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የብርሃን ብልጭታ፣ ድንገት የበዙ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካዩ ሬቲናው እየተላቀቀ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ። ይህ አደጋ ለዓመታት የሚቆይ ሲሆን በተለይ በዕድሜ ወጣት በሆኑ ወንዶች ላይ ይበረታል።