የሮታሪ ሞተር ኮምፕሬሽን አለካክ

ሮታሪ ሞተር (በፒስተን ፈንታ ሮተር የሚባል ባለ ሦስት ማዕዘን አካል የሚዞርበት ሞተር) ለጥገና ከመፈታቱ በፊት ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም በውስጡ የሚታመቀው አየር ግፊት፣ ይለካ። ሮተሩ ሦስት ፊት ስላለው ከአንድ የካንዴላ ቀዳዳ ሦስት ልኬት ይወጣል። ተራ ጌጅ (ግፊት መለኪያ) ግን ትልቁን ግፊት ብቻ ይዞ ስለሚቀር ደካማውን ፊት ይደብቃል። አየሩን የሚይዘውን ትንሽ ቫልቭ ከጌጁ አውጡለት፤ ያኔ መርፌው በእያንዳንዱ ፊት ሲዘል ይታያል።

ሞተሩን አሙቁና አጥፉ፤ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ነዳጁንና የካንዴላውን ኤሌክትሪክ አቋርጡ። ከሚለካው ሮተር አንድ ካንዴላ ፍቱና ጌጁን እሰሩ፣ ሌላው ካንዴላ እንደታሰረ ይቆይ። የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ በሞተሪኖ (በሞተር ማስነሻው) ከ5 እስከ 10 ሰከንድ አዙሩ። መርፌውን በስልክ ቅረጹት፤ በዓይን ብቻ መከተል ያሳስታል።

ለማዝዳ አርኤክስ-8 መኪና ዝቅተኛው ልክ ሞተሩ በደቂቃ 250 ዙር ሲዞር 680 ኪሎፓስካል ነው። ሞተሪኖው ከደከመ ጤነኛ ሞተርም ዝቅ ብሎ ይነበባል።

የዝላዮቹ እኩልነት ከቁጥሩ ባልተናነሰ ይናገራል። ሁለት ተከታታይ ዝላዮች ከወረዱ አፔክስ ሲል የሚባለውን የጫፍ ማሸጊያ ጠርጥሩ፤ ሁለት ጎረቤት ፊቶችን የሚለየው እሱ ስለሆነ ሲሰበር ሁለቱም ያፈስሳሉ። አንዱ ብቻ ከወረደ የጎን ማሸጊያው ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ከወረዱ ለመፍታት አትቸኩሉ፤ የተጠራቀመ ቤንዚን ለማሸግ የሚረዳውን ዘይት አጥቦት ይሆናል። ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ፣ ኤሌክትሪኩ እንደተቋረጠ፣ በሞተሪኖ እያዞራችሁ ቤንዚኑን አስወጡ። ከዚያ 5 ሚሊ ሊትር ያህል የሞተር ዘይት በየሮተሩ ጨምሩ። ዘይቱ ንባቡን ለጊዜው ከፍ ስለሚያደርገው፣ ሞተሩን አስነስታችሁ ካሞቃችሁ በኋላ ደግማችሁ ለኩ።