ፖሊስ መምሪያ ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ ለልምምድ ለምትወጡ ተማሪዎች

የኢንተርንሺፕ ጊዜ ሲደርስ አብዛኛው የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ተማሪ ቴሌቪዥን ጣቢያ ለመግባት ይሯሯጣል። ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ ወይም ጀሞ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ግን የክፍለ ከተማችሁን ፖሊስ መምሪያም አስቡት። ከቤት እስከ መሀል ከተማ ያለው የታክሲ ሰልፍ ይቀርላችኋል። ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር በሰው ሕይወት ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ እዚያ በደንብ ይገባችኋል።

መጀመሪያ ደብዳቤ። ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ አስጽፉ፤ ልምምዱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና የአማካሪ መምህራችሁ ስልክ ይኑርበት። ዋናውን መዝገብ ቤት ስታስገቡ ኮፒው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ሳታስጽፉ እንዳትወጡ፣ ምክንያቱም በኋላ «ደብዳቤዬ የት ደረሰ?» ብላችሁ ስትመጡ የምትጠየቁት ያንን ቁጥር ነው። ኃላፊው ጋ ገብቶ እስኪመራ ጊዜ ይወስዳልና ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። በር ላይ ፍተሻ ስላለ መታወቂያ ያዙ።

ከገባችሁ በኋላ ሰውን በማዕረጉ ጥሩ፦ ሳጅን፣ ኢንስፔክተር፣ ኮማንደር። ካላወቃችሁ ጠይቁ፣ ማንም አይቀየምም። አፋን ኦሮሞ የምትችሉ ከሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ፤ ዳር ዳሩ ላይ ለነዋሪው የሚበተን መልእክት በሁለቱም ቋንቋ ቢወጣ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው። የኮንዶሚኒየም ውሃ ቆጣሪ ተሰርቆ አንድ ወጣት ተያዘ እንበል፤ ዜናውን እናንተ ጻፉት ተባላችሁ። እጃችሁ ቶሎ የሚሄደው «ቆጣሪ ሲሰርቅ የነበረው ሌባ ተያዘ» ወደሚለው ነው። ይህንን አትጻፉ! የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንኳ በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል፤ ይሄ ልጅ ደግሞ ገና ክስም አልተመሠረተበትም፣ በአንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት ሰው ነው። ስለዚህ «የውሃ ቆጣሪ በመስረቅ የተጠረጠረ ግለሰብ በቁጥጥር ሥር ውሎ ምርመራ እየተጣራበት ነው» በሉ። ረዘም ይላል፣ ይርዘም። ነገ በነፃ ቢለቀቅ እናቱ ገበያ ወጥታ የምትሰማው እናንተ የጻፋችሁትን ነው።

ሰፈርም ስትጠቅሱ ተጠንቀቁ። ወረዳው ይበቃል። የብሎክና የቤት ቁጥር ከገባበት ስም ባትጽፉም ግቢው በሙሉ ማን እንደሆነ ያውቃል። ጉዳዩ የሕፃን ወይም የአስገድዶ መድፈር ከሆነ ተጎጂውን የሚያሳውቅ ምንም ነገር አታስገቡ፣ ትምህርት ቤቱንም ጭምር። ካቴና የገባለት ሰው ፊት በስልካችሁ አታንሱ፤ ጓደኛችሁ «አሳየኝ» ቢልም ከመዝገብ ያያችሁት ነገር ቴሌግራም ላይ አይወጣም። መግለጫ የሚሰጠው የተፈቀደለት ኃላፊ ብቻ ስለሆነ ጋዜጠኛ ቢደውል ስሙንና ጥያቄውን ጽፋችሁ አስተላልፉ፣ «እኔ እንደሰማሁት» ብላችሁ አትጀምሩ።

ሌላው ሥራ ቀለል ይላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ውይይት ላይ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ቃለ ጉባኤ ትይዛላችሁ፣ ለትምህርት ቤት የሚሆን አጭር መልእክት ታዘጋጃላችሁ። የስልክ ቁጥር የሚገባበት ከሆነ ከመውጣቱ በፊት ቁጥሩን ራሳችሁ ደግማችሁ አንብቡት፤ 991 የሚለው የፖሊስ ስልክ ላይ አንድ አሃዝ ከተሳሳተ የተቸገረ ሰው የማይነሳ ስልክ ላይ ሲደውል ይውላል። በውይይቱ ላይ ደግሞ ከፊት የተቀመጡትን ብቻ አትቅዱ። ከኋላ ሆነው ስለ ጨለማ መንገድና ስለ መብራት የሚያነሱትን እናቶች ጥያቄ ቃል በቃል ጻፉ፣ ብዙ ጊዜ ጥሩው ዜና እዚያ ነው ያለው።

የሠራችሁትን በየቀኑ ማስታወሻ ላይ አስፍሩ፣ ግን የተጠርጣሪና የተጎጂ ስም አይግባበት። የግምገማ ቅጹን የቅርብ አለቃችሁ ስልጠና ወይም ግዳጅ ሳይወጣ አስሞሉ፤ ፊርማ ብቻ ሳይሆን ማኅተምም እንዳለው አይታችሁ ተቀበሉ።