መሥራቹ ከራቀ በኋላ፦ ተከታታይ ድራማን የሚያዳክሙ ስህተቶች

ለዓመታት የተላለፈ ተከታታይ ድራማ የፈጠረው ሰው ብዕሩን ባስቀመጠ ማግስት አይቆምም። ገጸ ባሕርያቱ በዚያው ስማቸው ይጠራሉ፣ መክፈቻ ዜማው ይሰማል፣ የሚተላለፍበት ሰዓትም አይለወጥም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮ ከፍቶ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ «ይሄ ሰውዬ እንዲህ አይናገርም ነበር» ማለት ይጀምራል። ምን እንደ ጎደለ መናገር ባይችልም መጉደሉን ያውቃል፤ ፍርዱም አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። ይህን የምጽፈው በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ለሬዲዮ በቡድን መጻፍ ለሚያስቡ ወጣቶች ነው። የእኔ እምነት ከመሥራቹ ሊወረስ የሚገባው ስለ ሰዎቹ፣ ስለ ቦታውና ስላለፈው ታሪክ የያዘው ዕውቀት ነው የሚል ሲሆን፣ ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች ሁሉ ይህን ዕውቀት ከማባከን የሚመነጩ ናቸው።

ሁሉንም ነገር በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ መተው

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ የሚፈጸመውም መሥራቹ ገና በሥራ ላይ ሳለ ነው። እሱ የትኛዋ እናት የትኛውን ልጇን በልቧ እንደምታስበልጥ፣ ማን ከማን ገንዘብ እንደ ተበደረ፣ የሟቹ ቤት በማን ስም እንደ ተመዘገበ በቃሉ ስለሚያውቅ ማንም አይጽፈውም። ሲሄድ ቡድኑ እጅ የሚቀረው የስክሪፕት ክምር ብቻ ይሆናል። ስክሪፕት ደግሞ የተነገረውን እንጂ ሆን ተብሎ ሳይነገር የቆየውን አይመዘግብም።

ርክክብ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ለማየት የአሜሪካዊውን ዊልያም ቤል ምሳሌ መውሰድ ይጠቅማል። ቤል ከባለቤቱ ከሊ ፊሊፕ ቤል ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 «ዘ ያንግ ኤንድ ዘ ሬስትለስ» የተባለውን ድራማ መሠረተ፤ እስከ 1998 ድረስም ዋና ጸሐፊው ሆኖ ቆየ። በዚያ ዓመት ቦታውን የተረከበችው ኬይ አልደን ከ1974 ጀምሮ አብራው ስትጽፍ የኖረች ነበረች። ሁለት ዐሥርት ዓመታት ያለፈ ጊዜ አብሮ መሥራት ለማንኛውም ቡድን የሚቻል ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ተተኪው መሥራቹ ከመሄዱ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ የታሪክ ዙር አብሮት ሊጽፍ ይገባዋል እላለሁ። በእንግሊዝ የሚተላለፈው «ኮሮኔሽን ስትሪት» ደግሞ የድራማውን ያለፈ ታሪክ የሚጠብቅ ባለሙያ መድቦ ሠርቷል። ለእኛ አቅም አንድ ደብተርና አንድ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ይበቃል። እያንዳንዱ ክፍል በተቀረጸ በዚያው ሳምንት የተወለደው፣ የሞተው፣ የተማለው፣ የተዋሰው ሁሉ በደብተሩ ይስፈር። ከዚያም በላይ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ምንም ቢመጣ የማያደርገውን ነገር የሚገልጽ አንድ ገጽ ይኑረው። የሚያደርገውን ማንም ጸሐፊ ሊፈጥርለት ይችላል፤ ማንነቱን የሚጠብቀው ግን የማያደርገው ነው።

ቅርፊቱን መቅዳት

መሥራቹ አንድን ክፍል በር በማንኳኳት ከጨረሰና አድማጩን ልብ ከሰቀለ፣ ተተኪዎቹ እያንዳንዱን ክፍል በር በማንኳኳት ይጨርሳሉ። ይህ ታማኝነት ይመስላቸዋል። ሊጠይቁት የሚገባው ግን መሥራቹ ድራማውን ምን ሊሠራበት ጀመረው የሚለው ነው።

የቢቢሲው የሬዲዮ ድራማ «ዚ አርቸርስ» እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1951 በመላው እንግሊዝ መተላለፍ ጀመረ። መሥራቹ ጎድፍሬይ ቤዝሊ ከጦርነቱ በኋላ ምግብ በራሽን በሚታደልበት ዘመን ገበሬው ምርቱን እንዲያሳድግ የሚረዳ ምክር በገበሬ ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ አዋሕዶ ለማስተላለፍ ፈልጎ ነበር። ቤዝሊ በ1972 ከድራማው ተለየ፣ ራሽኑም ከቆመ ቆይቷል፤ ድራማው ግን እስከ ዛሬ አለ። የአነጋገሩ ፍጥነትም ሆነ የሚያነሳቸው ጉዳዮች በእጅጉ ተለውጠዋል። ሳይለወጥ የቆየው በድራማው ውስጥ ስለ እርሻ የሚነገረው ነገር እውነት መሆን አለበት የሚለው ደንብ ሲሆን፣ ለዚህም የእርሻውን ታሪክ የሚከታተል አርታኢ ተመድቦለታል። እኔ ይህን ውርስ ከማንኛውም የቃላት ቅጂ አስበልጠዋለሁ።

ያለፈውን እንዳልነበረ ማድረግ

አዲስ ቡድን የቀድሞው ታሪክ ሲያጣብበው ሊሰርዘው ይፈተናል። የዚህ ስህተት ታዋቂ ማሳያ የአሜሪካው የቴሌቪዥን ድራማ «ዳላስ» ነው። ፈጣሪው ዴቪድ ጃኮብስ ቢሆንም ድራማውን ለዓመታት የመራው ሌናርድ ካትዝማን ነበር፤ ቦቢ ዩዊንግ የተባለው ገጸ ባሕርይ በ1985 ሞተ፤ ካትዝማን በራቀበት በ1985 እና 1986 መካከል በነበረው ዙርም ታሪኩ ያለ ቦቢ ቀጠለ። ካትዝማንና ተዋናዩ ሲመለሱ በዚያ ዙር የተላለፉት 31 ክፍሎች በሙሉ የቦቢ የቀድሞ ሚስት ፓም ያየችው ሕልም ናቸው ተባለ። ጉዳቱ በዚህ አላበቃም፤ የዚሁ የጃኮብስ ፈጠራ በሆነውና ከ«ዳላስ» ጋር ተያይዞ በሚሄደው «ኖትስ ላንዲንግ» ውስጥ ቦቢ እንደ ሞተ ስለ ቀረ፣ ሁለቱ ድራማዎች መገናኘታቸውን አቆሙ። አንድ ዓመት ሙሉ ያለቀሰን ተመልካች ልቅሶህ ከንቱ ነበር ማለት፣ ወደፊትም ለምንም ነገር እንዳያዝን ማስተማር ነው። ያለፈው ታሪክ ካስቸገረ ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው ይከራከሩበት፣ አንዱ ይካደው፣ ሌላው ይመስክርበት።

ነባሮቹን በአንድ አደጋ ማሰናበት

ተተኪዎች የራሳቸውን ሰዎች ለማስገባት ሲቸኩሉ አውቶቡስ ገደል ይገባል፣ ቤት ይቃጠላል። አልፎ አልፎ የሚሳካበት ጊዜ አለ፤ የእንግሊዙ የቴሌቪዥን ድራማ «ኢመርዴል» በ1993 መጨረሻ በአውሮፕላን አደጋ አሮጌ ገጸ ባሕርያትን አሰናብቶ ብዙ ተመልካች አግኝቷል። ነገር ግን ይህን ደፍሬ ለእኛ ጸሐፊዎች አልመክርም፤ ምክንያቱም በወሎ ሞት የአንድ ትዕይንት ጉዳይ አይደለም። ቅሬው (እድሩ) ይጠራል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ ቀብር ይወጣል፣ ለቅሶ ያልደረሰ ዘመድ ይታወሳል። ቆይቶ ሰደቃው ወይም አርባው ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ የውርስና የዕዳ ጥያቄ ይነሳል፤ በሟቹ ፊት ለመናገር ያልደፈረ ሰው አፉን ይከፍታል። አንድ ሞት በአግባቡ ከተጻፈ የብዙ ወራት ታሪክ ይመግባል። አምስት ሰው በአንድ ቀን የገደለ ጸሐፊ ግን አምስቱንም ለቅሶ ሊያደርስ አይችልም፤ ካላደረሰ ደግሞ የደሴ አድማጭ ይህ የማን አገር ሰው ነው ብሎ ይጠይቃል።

ነባር ገጸ ባሕርይ የድራማው ሕያው ትዝታ ነው። ዊልያም ሮች በ1960 በ«ኮሮኔሽን ስትሪት» የመጀመሪያ ክፍል ኬን ባርሎን ሆኖ ታየ፤ ድራማው ስድሳ ዓመት ሲሞላውም እዚያው ነበር። ወጣቶቹ ገጸ ባሕርያት ስህተታቸውን ሲደግሙ ከስንት ዓመት በፊት እንዲህ ያለውን ያየ ሰው አጠገባቸው ይቀመጣል። ይህን ለአዲስ መጤ ገጸ ባሕርይ በምንም ብልሃት ልትሰጡት አትችሉም።

ቦታውን ወደ ስም ብቻ መለወጥ

የ«ኮሮኔሽን ስትሪት» ፈጣሪ ቶኒ ዋረን በሰሜን እንግሊዝ ያደገ የ24 ዓመት ወጣት ነበር፤ የሚያውቃቸውን ሴቶችና የሚያውቀውን አነጋገር ጻፈ። መጀመሪያ ለ13 ክፍሎች ብቻ የታሰበው ድራማ የዚያን ሰፈር ድምፅ በመጠበቁ ጸሐፊዎች ሲፈራረቁ ጸና።

በእኛ በኩል አንድ የታሰበ ምሳሌ ላቅርብ። ድራማው ደሴ ሸዋ በር የምትኖርና ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅን ይዟል እንበል። ሁለቱን ከተሞች የሚያራርቃቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን በሐረጎ በኩል የሚወርደው መንገድ ሌላ አየር ውስጥ ያስገባል። ጠዋት በጦሳ ብርድ ሹራቧን ደርባ የወጣችው ልጅ ኮምቦልቻ ስትደርስ ታወልቀዋለች። ቦታውን የሚያውቅ መሥራች በዚህ ጉዞ ይጠቀማል፦ ሚኒባሱ ውስጥ ማን አጠገቧ ተቀመጠ፣ ከማታ ፈረቃ ስትመለስ የዘገየችበትን ምክንያት እናቷ አመነች ወይስ ጎረቤት ቀድሞ ነገራት? አገሩን ያላየ ተተኪ ግን ጉዞውን ያስቀራል፤ የስልክ ንግግር ለመቅረጽ ርካሽ ስለሆነ ሰዎቹ ሁሉ ከክፍላቸው ሳይወጡ በስልክ ያወራሉ። ታሪኩ የትም ሊሆን የሚችል ይሆናል፣ ልጅቷም የትም የምትገኝ ልጅ ትሆናለች። ስለዚህ ከጸሐፊዎቹ ቢያንስ አንዱ እዚያው የሚኖር መሆን አለበት፤ ስፖንሰሩ ወይም ጣቢያው ይህን እንደ ትርፍ ወጪ ቢቆጥረው እንኳ ቡድኑ ሊከራከርበት ይገባል።

መሥራቹን ግማሽ ወጥቶ ግማሽ እንዲቀር ማድረግ

ሄዷል ከተባለ በኋላ ማታ ማታ እየደወለ ትዕይንት የሚያስቀይር መሥራች ለቡድኑም ለራሱም አይበጅም። አማካሪ ከሆነ የሚመክርበት ጊዜ ይወሰን፤ የመጨረሻው ውሳኔ የማን እንደሆነም በጽሑፍ ይቀመጥ። የቀድሞው ዘመን ሁሉ ጥሩ ነበር ብሎ ማሰብም አይገባም። የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ እናት የምትባለው ኧርና ፊሊፕስ ራሷ ወደ ፈጠረችው «አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ» በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተመልሳ ስትጽፍ ተመልካቹ ያልተቀበለውን ታሪክ አመጣች፤ በ1973ም ከሥራው ተሰናበተች።

ማብቂያውን አለማሰብ

ፊሊፕስ የጀመረችው «ጋይዲንግ ላይት» ከ1937 አንሥቶ በሬዲዮ፣ ከ1952 በኋላም በቴሌቪዥን ተላልፎ በ2009 አበቃ፤ እሷ ከሞተች በኋላ እንኳ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሯል። ሆኖም ርዝመት ብቻውን ክብር አይደለም። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት በኢትዮጵያ ያዘጋጀው የሬዲዮ ድራማ «የቀን ቅኝት» እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በ257 ክፍሎች ተላልፎ ተጠናቀቀ፤ በሜክሲኮአዊው ሚጌል ሳቢዶ ዘዴ ስለ ተሠራ ገጸ ባሕርያቱ የሚሄዱበት አቅጣጫ ከጽሑፉ በፊት ይነደፍ ነበር። እንዲህ ያለ ንድፍ ያለው ድራማ ጸሐፊው ቢለወጥም ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

መሥራቹ ከሄደ በኋላ ቡድኑ ድራማውን ለመቀጠል የሚያበቃ ዕውቀት እንደሌለው ከተረዳ፣ መዝጋቱ ከማጓተት የተሻለ ነው። ያን ጊዜ ማብቂያው ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት ለጸሐፊዎቹና ለተዋንያኑ ይነገር፤ ደብተሩ ተከፍቶ ያልተከፈለው ዕዳ፣ ያልተገለጠው ምስጢርና ያልታረቀው ጠብ በዝርዝር ይውጣ፤ የቀሩት ክፍሎችም ከሁሉ አስቀድሞ ብዙ የቆየውን በመፍታት ይጀምሩ።