ቅዳሴ በስልክ፦ ልንርቃቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ2012 ዓ.ም. የትንሣኤን ሌሊት ብዙዎቻችን ያሳለፍነው በቴሌቪዥንና በስልክ ፊት ነው። 55 ቀን ጾመን፣ የኮሮና ወረርሽኝ ከቤት አላስወጣ ብሎን፣ ጧፋችንን ሳሎን ውስጥ አበራን። ያ የግድ ነበር። ግዱ ካለፈ በኋላ ግን ልማዱ ብዙዎቻችን ቤት ቀረ፤ ስህተቶቹም አብረውት።

ከሁሉ የሚከፋው ማየትን እንደ ማስቀደስ መቁጠር ነው። አማርኛችን ራሱ «ቅዳሴ አየሁ» አይልም፤ «አስቀደስሁ» ነው የሚለው። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል «ምስለ መንፈስከ» የሚል ሕዝብ ይጠብቃል። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» የሚለው ቆመው ለሚጸልዩ ሰዎች ነው። «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲባል ደግሞ አጠገባችን ለቆመው፣ ምናልባትም ለተቀየምነው ሰው፣ እጅ እንነሣለን። ሶፋ ላይ ለማን እጅ ይነሣል? ሥጋ ወደሙስ ከወዴት ይመጣል? እኔም ለወራት እሑድ ጠዋት ጋደም ብዬ እያየሁ «አስቀደስሁ» እል ነበር። ወደ ደጁ የተመለስሁ ቀን «እግዚኦ ተሣሃለነ» የሚለው የሕዝቡ ድምፅ ሲከበኝ ምን እንደጎደለኝ ገባኝ።

ይህን ብለን በስልክ የሚከታተለውን ሁሉ መናቅም ሌላ ስህተት ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን የምትሳለመው ደጅ የላትም፤ የክርስቲያን አምልኮ በአደባባይ አይፈቀድም። ሌሊት ሥራዋን ጨርሳ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ የኪዳን ጸሎት ስትሰማ ያላትን ሁሉ እያቀረበች ነው። የደብሩ ደወል ቤቱ ድረስ የሚሰማው ሰው ግን የእርሷን ምክንያት ለራሱ አይዋስ።

ሦስተኛው፣ ኃጢአትን ጽፎ በቴሌግራም መላክ ነው። ያውም ስሙንና ደብሩን ለማናውቀው፣ ፎቶው ላይ መስቀል ስለያዘ ብቻ «አባቴ» ላልነው ሰው! የንስሐ አባት ቤታችንን፣ ትዳራችንን፣ ድካማችንን የሚያውቅ ነው። ርቀት ካለያየን ደውለን ምክሩን እንጠይቅ፤ የተጻፈ ኑዛዜ ግን ነገ በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

«ለ10 ሰው ካላስተላለፍክ መቅሠፍት ይመጣብሃል» የሚለውን መልእክት አታስተላልፉ። በቅዱሳን ስም ማስፈራራት ጸሎት አይደለም።

ገንዘብም እንዲሁ ነው። ለፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ተብሎ የባንክ ቁጥር ሲለጠፍ፣ ሒሳቡ በግለሰብ ስም ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ። የደብሩን ሰበካ ጉባኤ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ተቀበሉ። መጠየቅ እምነት ማጣት አይደለም።

ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው የመጨረሻው ነው፤ በጠበል ቦታ የታመሙትን መቅረጽ። አንዲት ልጅ ራሷን ስታ ትጮኻለች፣ ትወድቃለች፣ ልብሷ ይገለጣል፤ ዙሪያዋን ስልክ ይደረደራል። «ተአምር» ተብሎ ይለቀቃል። ልጅቷ ድና ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ቪዲዮው ግን በሥራ ቦታዋ፣ በሰፈሯ፣ በሚያጭዋት ቤተሰብ ፊት ይጠብቃታል። ፈቅዳ አልተቀረጸችም፤ በዚያ ሰዓት መፍቀድም አትችልም። ቀርጻችሁ ከሆነ አጥፉት። ተልኮላችሁ ከሆነ አታስተላልፉት። አጠገቧ ከቆማችሁ ደግሞ ስልኩን ኪሳችሁ አስገብታችሁ ነጠላ አልብሷት።